የማተዋን ከሰል ቆፋሪዎች ቅርስ የማን ነው?

ሠርቶ አደሩ ሕዝብ በታሪክ መዝገብ ውስጥ የሚገባውን ስፍራ ሳያገኝ የሚቀረው ታሪክ ሳይሠራ ቀርቶ አይደለም። ታሪክ የሚጻፍበት ብዕር፣ የሚታተምበት ማተሚያ ቤትና የሚነገርበት መድረክ ዘወትር በሌሎች እጅ በመቆየቱ ነው። አንድ የማዕድን ኩባንያ በዓመት ስንት ቶን ከሰል እንዳወጣ፣ በምን ዋጋ እንደሸጠና ምን ያህል እንዳተረፈ የሚገልጸው መዝገብ በብረት ሣጥን ተቆልፎ ይጠበቃል። ከሰሉን ያወጣው ሰው በምን ዓይነት ቤት እንዳደረ፣ ልጆቹን በምን እንዳሳደገ፣ ሳንባው በስንት ዓመቱ እንደከዳው የሚናገረው ማስታወሻ ግን የሚገኘው በአረጋውያን ትዝታ ውስጥ ነው፤ እነርሱ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል። ስለሆነም የቅርስ ጥያቄ የሙዚየምና የአሮጌ ዕቃ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በመሠረቱ የባለቤትነት ጥያቄ ነው።

ይህን እውነት አጉልተው ከሚያሳዩት ስፍራዎች አንዷ በዩናይትድ ስቴትስ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በአፓላቺያ ተራሮች መካከል፣ በዌስት ቨርጂኒያ ክፍለ ሀገር ሚንጎ አውራጃ የምትገኘው የማተዋን ከተማ ናት። ዛሬ ነዋሪዎቿ አምስት መቶ እንኳ አይሞሉም። ከኬንተኪ በሚለያት የታግ ፎርክ ወንዝና በባቡር ሐዲድ መካከል ተጣብቃ የተቀመጠች፣ አንድ ዋና መንገድ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። ይሁን እንጂ ይህች ከተማ ለወዝአደሩ የመደራጀት መብት ከተደረጉት ትግሎች መካከል በስፋት ከሚታወሱት አንዱ የተጀመረባት ናት። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረውም ያ ትግል ምን እንደነበረ፣ ለምን ለብዙ ዘመን እንደተሸፈነና የዛሬዎቹ ነዋሪዎች ቅርሳቸውን እንዴት መልሰው በእጃቸው እንዳስገቡ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁሉም ነገር የኩባንያው ሲሆን

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ የባቡር ሐዲድ ወደነዚህ ሸለቆዎች ከመዝለቁ በፊት፣ የተራራው ሕዝብ በቆሎ እያመረተ፣ ከብት እያረባና እያደነ የሚኖር ገበሬ ነበር። ከሐዲዱ ቀድመው የመጡት የመሬትና የማዕድን ገዥ ወኪሎች ነበሩ። በብዙ ስፍራ ገበሬው የሸጠው ከእርሻው በታች ያለውን ማዕድን ሲሆን፣ የተከፈለው ዋጋ ማዕድኑ በኋላ ካስገኘው ሀብት ጋር ሲነጻጸር ከምንም የማይቆጠር ነበር። በዚህ ሁኔታ የአካባቢው ሀብት ባለቤቶች በሩቅ ከተሞች የተቀመጡ ከበርቴዎች ሲሆኑ፣ የትናንቱ ባለርስት በአያቶቹ ተራራ ሥር በቶን እየተከፈለው የሚቆፍር ቅጥር ሠራተኛ ሆነ።

ቆፋሪው የሚኖረው በአብዛኛው ኩባንያው በሠራው መንደር ውስጥ ነበር። ቤቱ የኩባንያው ነው፤ ኪራዩ ከደመወዙ ይቆረጣል። ሐኪሙ የኩባንያው ቅጥረኛ ነው፤ ክፍያው ከደመወዝ ይቆረጣል። መደብሩ የኩባንያው ነው። በብዙ መንደሮች ሠራተኛው ከክፍያ ቀን በፊት ገንዘብ ሲያስፈልገው የሚሰጠው የአገሪቱ ገንዘብ ሳይሆን ኩባንያው ራሱ ያስቀረጸው፣ ከዚያው ከኩባንያው መደብር ውጭ በሙሉ ዋጋው የማያገለግል የብረት ቁራጭ ነበር። በዚህ ዓይነት አሠራር በቀኝ እጅ የተሰጠው ደመወዝ በግራ እጅ ይመለስ ነበር። ሠራተኛው ወሩን ሙሉ ቆፍሮ በወሩ መጨረሻ ባለዕዳ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም።

ብዝበዛው በሚዛኑም ላይ ነበር። ቆፋሪው የሚከፈለው ባወጣው ከሰል ክብደት በመሆኑ፣ ሚዛኑን የሚይዘው ሰው የእንጀራውን መጠን ይወስናል። የኩባንያው መዛኝ ድንጋይ ተቀላቅሏል እያለ ከክብደቱ ይቀንሳል፤ አንድ ቶን ይይዛል የተባለው የከሰል ጋሪ ቀስ በቀስ እንዲሰፋ ተደርጎ፣ ቆፋሪው አብልጦ እየጫነ የሚከፈለው ግን የአንድ ቶን ብቻ ይሆናል። ከሠራተኛው ማኅበር ቀደምት ጥያቄዎች አንዱ ሠራተኞች ራሳቸው የመረጡት ሰው ከሚዛኑ አጠገብ ይቁም የሚል የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም ሥልጣንን የሚነካ ነበር፤ ሚዛኑን የሚቆጣጠር ሕይወቱን ይቆጣጠራልና።

በነዚህ መንደሮች የሠራተኛ ማኅበር አባል መሆን ከሥራ የሚያስባርር ብቻ ሳይሆን ከቤትም የሚያስወጣ ነበር። ሠራተኛው ሲቀጠር ማኅበር ውስጥ አልገባም ብሎ እንዲፈርም ይገደዳል። ፊርማውን ያፈረሰ እንደሆነ ባልድዊን-ፌልትስ የሚባለው የግል መርማሪ ድርጅት የታጠቁ ቅጥረኞች መጥተው ዕቃውን በዝናብ ላይ ይጥሉታል። ሕግ ማለት የቤቱ ባለቤት ፈቃድ ማለት ነበር።

ማተዋን በምን ትለያለች?

ማተዋን በዙሪያዋ ካሉት መንደሮች የምትለይበት አንድ ዐቢይ ነገር አለ። ኩባንያ የሠራት ከተማ አይደለችም። የራስዋ አስተዳደርና የራስዋ ከንቲባ ነበሯት። ከንቲባው ካቤል ቴስተርማን ከቆፋሪዎቹ ጎን የቆመ ሰው ሲሆን፣ የፖሊስ አዛዡ ሲድ ሃትፊልድ ራሱ በማዕድን ጉድጓድ ሠርቶ ያደገ ነበር። ነዋሪው የራሱን አስተዳደር በእጁ ሲይዝ የሚያገኘው ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት የሚፈልግ ሁሉ በ1920 የጸደይ ወራት በዚህች ከተማ የሆነውን ይመልከት።

በዚያ ጸደይ የተባበሩት የአሜሪካ ማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ወደ ሚንጎ አውራጃ ዘልቆ አባላት መመዝገብ ጀመረ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሦስት ሺህ ያህል ሠራተኞች ፈረሙ። ኩባንያዎቹም እንደልማዳቸው የፈረመውን ሁሉ ከሥራ ማባረርና ከቤት ማስወጣት ያዙ። ግንቦት 19 ቀን 1920 አልበርት ፌልትስና ወንድሙ ሊ ፌልትስ የሚገኙበት የመርማሪዎች ቡድን በባቡር ወደ ማተዋን መጥቶ፣ የስቶን ማውንቴን ከሰል ኩባንያ ቤቶች ውስጥ የሚኖሩትን የማኅበሩን አባላት ቤተሰቦች ማስወጣት ጀመረ። ሴቶችና ሕፃናት በዝናብ ውስጥ ከነአልጋቸው መንገድ ላይ ተጣሉ።

ሃትፊልድና ቴስተርማን የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይዛችሁ ይህን ማድረግ አትችሉም በማለት ተቃወሙ። ከሰዓት በኋላ መርማሪዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ወደ ባቡር ጣቢያው ሲመለሱ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተገናኙ። አልበርት ፌልትስ የፖሊስ አዛዡን የምይዝበት ትእዛዝ አለኝ አለ፤ ከንቲባው ወረቀቱን ተመልክቶ ሐሰተኛ ነው አለ። የመጀመሪያውን ጥይት ማን እንደተኮሰ ዛሬም ያከራክራል። ተኩሱ ሲያበቃ ግን አሥር ሰዎች ወድቀው ነበር፤ ሁለቱን የፌልትስ ወንድማማቾች ጨምሮ ሰባት መርማሪዎች፣ ሁለት ከሰል ቆፋሪዎችና ከንቲባው ቴስተርማን።

የሰው ደም መፍሰስ የሚያስደስት ነገር አይደለም። ነገር ግን ዜናው በየሸለቆው እንደ ሰደድ እሳት የተሰማበትን ምክንያት መረዳት ተገቢ ነው። ሠራተኛውን ሲያሳድድ ለኖረው የግል ጦር የከተማይቱ ባለሥልጣን ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ላይ ቁም አለው። ከዚያ ቀን በኋላ የማኅበሩ አባላት ቁጥር ይበልጥ አደገ፤ በሐምሌ 1920 የአውራጃው ቆፋሪዎች አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መቱ።

ድንኳኑ የሕዝብ ትምህርት ቤት ሆነ

ከየቤቱ የተባረሩት የአድማ መቺ ቤተሰቦች ማኅበሩ ባቀረበላቸው ድንኳኖች ውስጥ ሰፈሩ። በሊክ ክሪክና በሌሎችም ስፍራዎች ሕፃናት የ1920ን ክረምት በጨርቅ ጣሪያ ሥር፣ በበረዶ መካከል አሳለፉ። የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ ተኩሱን ሲያስታውሱ ድንኳኑን ይዘነጋሉ። በእኛ እምነት ግን የማተዋን ቅርስ እውነተኛ እምብርት ያለው ከመሣሪያው ይልቅ በድንኳኑ ውስጥ ነው።

ኩባንያዎቹ ለብዙ ዘመን የተመኩበት ዘዴ ሠራተኛውን በዘርና በቋንቋ ከፋፍሎ መያዝ ነበር። ከደቡብ ክፍላተ ሀገር የመጡ ጥቁሮችን፣ ከጣልያን፣ ከሃንጋሪና ከፖላንድ የመጡ ስደተኞችንና የተራራው ተወላጅ ነጮችን ሆን ብለው አቀላቅለው ይቀጥሩ ነበር። በመንደሩም ለየብቻ ያሰፍሯቸዋል። ስሌታቸው ግልጽ ነው፤ እርስ በርሱ የማይግባባና የሚጠራጠር ሠራተኛ በአንድ ድምፅ አይናገርም። ነገር ግን ጉድጓድ ውስጥ ጣሪያው ሲደረመስ የቆዳ ቀለም አይለይም፤ ከከሰሉ አቧራ ሲወጣ የሁሉም ፊት አንድ ዓይነት ነው። በ1890 የተመሠረተው የማዕድን ሠራተኞች ማኅበርም ከመነሻው ጀምሮ ዘር፣ ሃይማኖትና የትውልድ አገር ለአባልነት እንቅፋት እንዳይሆኑ በደንቡ ደንግጎ ነበር። የዘር መድልዎ በሕግ በጸናበት አገርና ዘመን ጥቁርና ነጭ ቤተሰቦች በአንድ የድንኳን ሰፈር ከአንድ የማኅበር ስንቅ እየተካፈሉ ማሳለፋቸው ለገዥው መደብ ከጠመንጃ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር ነበር።

በዚህ ኑሮ ውስጥ ሴቶች የነበራቸው ድርሻ ተለይቶ ሊነገር ይገባዋል። የአድማው ቀለብ ለወራት የተዳረሰው፣ የታመመው የታከመው፣ የሞተው በወግ የተቀበረው በሴቶች ጥረት ነው። ወንዱ አድማ የሚመታው ለአንድ ቀን ቆርጦ ነው፤ አድማው ወር የሚዘልቀው ግን ጓዳው ሲችል ነው።

ጠላት ግን ከውጭ ብቻ አልነበረም። በማተዋን ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሥር ባለው ፎቅ ምግብ ቤት ከፍቶ የቆፋሪዎቹ ወዳጅ መስሎ የኖረው ሲ. ኢ. ላይቭሊ የሚባል ሰው የባልድዊን-ፌልትስ ሰላይ ነበር። ሠራተኞቹ ቡና እየጠጡ የተነጋገሩት ሁሉ ወደ አሠሪዎቻቸው ይደርስ ነበር። የሰላዩ ማንነት የተጋለጠው በ1921 መጀመሪያ ላይ ሃትፊልድና ጓደኞቹ ስለ ማተዋኑ ግጭት በተከሰሱበት ችሎት ምስክር ሆኖ ሲቀርብ ነው። የዳኝነቱ ጉባኤ ግን ተከሳሾቹን ነጻ ለቀቃቸው።

ከፍርድ ቤቱ ደረጃ እስከ ብሌየር ተራራ

በሕግ ሸንጎ ያልተሳካው በጥይት ተሞከረ። ነሐሴ 1 ቀን 1921 ሲድ ሃትፊልድና ጓደኛው ኤድ ቻምበርስ ለሌላ ክስ ወደ ዌልች ከተማ ተጠርተው፣ መሣሪያ ሳይዙ ከሚስቶቻቸው ጋር የፍርድ ቤቱን ደረጃ ሲወጡ የባልድዊን-ፌልትስ ሰዎች ተኩሰው ገደሏቸው። ከተኳሾቹ አንዱ ያ የምግብ ቤት ባለቤት መስሎ የኖረው ላይቭሊ ነበር። ስለዚህ ግድያ የተቀጣ ሰው የለም።

የሁለቱ ሰዎች ሞት በየሸለቆው የታመቀውን ቁጣ አፈነዳው። በወሩ መጨረሻ አሥር ሺህ ያህል ከሰል ቆፋሪዎች እርስ በርስ ለመለያ ቀይ መሐረብ በአንገታቸው አስረው፣ በሚንጎ የታሰሩ ጓደኞቻቸውን ለማስፈታትና የማኅበሩን መብት ለማስከበር ወደ ደቡብ ዘመቱ። በመንገዳቸው ላይ የቆመው የሎጋን አውራጃ የጸጥታ ሹም ዶን ቻፊን ከከሰል ኩባንያዎች ገንዘብ የሚቀበል ሰው ሲሆን፣ በብሌየር ተራራ ሸንተረር ላይ መትረየስ አጥምዶ ጠበቃቸው። ለቀናት በተደረገው ውጊያ የኩባንያዎቹ ወገን በተከራያቸው አውሮፕላኖች በቆፋሪዎቹ ላይ ቦምብ እስከመጣል ደረሰ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ ወዲህ በዚያ አገር የተደረገ ትልቁ የትጥቅ አመፅ ይህ ነው።

ውጊያው ያበቃው ፕሬዚዳንት ሃርዲንግ የፌዴራል ጦር ሲያዘምት ነው። ከቆፋሪዎቹ ብዙዎቹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመቱ ስለነበሩ የለበሱትን የደንብ ልብስ በለበሰ ሠራዊት ላይ አልተኮሱም፤ ወደየቤታቸው ተመለሱ። በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞች በነፍስ ግድያና በክህደት ወንጀል ተከሰሱ። አድማው በ1922 ተሸንፎ ተቋረጠ፤ ማኅበሩም በክፍለ ሀገሩ ክፉኛ ተዳከመ።

ሽንፈቱ ግን የመጨረሻ አልነበረም። በ1933 ሠራተኛው የመደራጀት መብት በሕግ ሲታወቅለት፣ የደቡብ ዌስት ቨርጂኒያ ቆፋሪዎች በጥቂት ወራት ውስጥ በነቂስ ወደ ማኅበሩ ገቡ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠፋ መስሎ የታየው እሳት በአመድ ተሸፍኖ ኖሯል።

ማኅበሩ የገነባውና ማኅበሩን የጎዳው

የመደራጀት ፍሬ በተጨባጭ ሲታይ ምን እንደሚመስል አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በ1946 በተደረገው አድማ ማኅበሩ ከሚመረተው ከእያንዳንዱ ቶን ከሰል 5 ሳንቲም ለሠራተኞች ጤናና ደኅንነት ፈንድ እንዲገባ አስፈረመ። በዚህ ፈንድ በ1950ዎቹ በኬንተኪ፣ በቨርጂኒያና በዌስት ቨርጂኒያ አሥር ዘመናዊ ሆስፒታሎች ተሠሩ። ከነዚህ አንዱ ለማተዋን ቅርብ በሆነችው በዊልያምሰን ከተማ ነበር። የኩባንያ ሐኪም ብቻ ያውቅ የነበረ ሠራተኛ በራሱ ቶን ከሰል በተሠራ ሆስፒታል ታከመ።

ይሁን እንጂ ሙሉውን እውነት መናገር የዚህ ዓምድ ግዴታ ነው። የማኅበሩ መሪዎች ለዚህ ድል የከፈሉት ዋጋ የማሽን መስፋፋትን ያለተቃውሞ መቀበል ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ በዌስት ቨርጂኒያ ከ125,000 በላይ የነበረው የቆፋሪ ቁጥር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከ50,000 በታች ወረደ። ማሽኑ የሰውን ጉልበት ያቃልላል ተባለ፤ ትርፉ የባለማሽኑ ስለሆነ ግን የቀለለው የሰው ጉልበት ሳይሆን የሰው ቁጥር ሆነ። መቶ ሺዎች በሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን የፋብሪካ ከተሞች ተሰደዱ።

ከዚህ የከፋው ማኅበሩ ከውስጥ መበስበሱ ነው። በ1968 በፋርሚንግተን በደረሰው ፍንዳታ 78 ሰዎች ሲያልቁ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ቶኒ ቦይል ለሟቾች ከመቆርቆር ይልቅ ኩባንያውን አመሰገነ። በ1969 ከ40,000 በላይ የዌስት ቨርጂኒያ ቆፋሪዎች ከሰል አቧራ ለሚያስከትለው የጥቁር ሳንባ በሽታ ካሣ እንዲታወቅላቸው አድማ ሲመቱ እንቅስቃሴው የተወለደው ከመሪዎቹ ሳይሆን ከታች ከአባላቱ ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የፌዴራሉ የማዕድን ደኅንነት ሕግ ወጣ። ቦይልን በምርጫ የተፎካከረው ጆክ ያብሎንስኪ ግን ከሚስቱና ከሴት ልጁ ጋር በቤቱ ውስጥ ተገደለ፤ ግድያውን ያዘዘው ቦይል እንደሆነ በፍርድ ተረጋገጠ። በ1972 ተራ አባላቱ በድምፃቸው ቦይልን አውርደው፣ ራሱ የጥቁር ሳንባ በሽተኛ የነበረውን አርኖልድ ሚለርን መረጡ።

ከዚህ የምንገነዘበው ማኅበር የአባላቱ ንብረት ሆኖ የሚቆየው አባላቱ ሲቆጣጠሩት ብቻ መሆኑን ነው። ጉድጓዱ የአየር መተላለፊያ እንደሚያስፈልገው ሁሉ ማኅበርም ትችትና ምርጫ ያስፈልጉታል። አየር በሌለበት ጉድጓድ ጋዝ ይጠራቀማል።

የተሸፈነው ታሪክና የተሸጠው ታሪክ

ይህ ሁሉ ሲሆን የማተዋን ልጆች በትምህርት ቤት ስለዚህ ትግል የሚማሩት አልነበረም ማለት ይቻላል። ለብዙ ዓሠርት ዓመታት የክፍለ ሀገሩ የታሪክ መማሪያ መጻሕፍት የማዕድን ጦርነቶችን አልፈዋቸው ኖሩ። በየቤቱም ዝምታ ነበር። የክህደት ክስ የተመሠረተበት አባት ለልጁ ቢናገር ልጁ ሥራ ያጣል።

ባዶ የቀረው ስፍራ ግን ባዶ ሆኖ አልቆየም፤ በሌላ ታሪክ ተሞላ። ማተዋን በዓለም ይበልጥ የታወቀችው በ19ኛው መቶ ዓመት ሃትፊልድና ማኮይ የተባሉ ሁለት ቤተሰቦች ባደረጉት የደም መቃቃር ነው። በ1880ዎቹ ከታላላቅ ከተሞች የመጡ ጋዜጠኞች ይህን ጠብ እያጋነኑ የተራራውን ሕዝብ አረመኔ፣ ሕግ የማያውቅና በዘር ቂም የታወረ አድርገው ሣሉት። ይህ ሥዕል የተሰራጨው የማዕድንና የደን ከበርቴዎች ወደ አካባቢው በሚገቡበት ዘመን መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አረመኔ የተባለን ሕዝብ ከመሬቱ መንቀል ሥልጣኔን ማስፋፋት ይመስላል። እስከ ዛሬም የቤተሰብ ጠቡ ለጎብኚ የሚሸጥ ሸቀጥ ነው፤ በ2012 በሰፊው የታየው የቴሌቪዥን ድራማ የተቀረፀው እንኳ በተራሮቹ ውስጥ ሳይሆን በሩማንያ ነበር። ሁለት ድሆች ቤተሰቦች እርስ በርስ የተጋደሉበት ታሪክ ተፈልጎ፣ ድሆች በአንድነት የቆሙበት ታሪክ መሸፈኑ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም።

መሬቱ ራሱም ለመጥፋት ተቃርቦ ነበር። ከሰል ለማውጣት የተራራ አናት እየተቆረጠ በሚነሣበት አሠራር የብሌየር ተራራ የጦር ሜዳ ሊደመሰስ ይችል ነበር። በ2009 በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ከገባ በኋላ ወራት ሳይቆይ ተሰረዘ፤ ተቆርቋሪዎች በፍርድ ቤት ተከራክረው በ2018 ተመለሰ።

የማተዋን ነዋሪዎችም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1977 የታግ ፎርክ ወንዝ ሞልቶ ከተማይቱን ሲያጥለቀልቅ ብዙዎች ማተዋን ከእንግዲህ አትነሣም ብለው ነበር፤ ነዋሪው ግን ጭቃውን ጠርጎ ተመለሰ፣ በኋላም የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠራላት። በ1980ዎቹ መጨረሻ የአረጋውያንን ቃል በድምፅ መቅጃ የመሰብሰብ ሥራ ተጀመረ፤ የ1920ን ቀን በልጅነታቸው ያዩ ሰዎች ገና በሕይወት ነበሩ። በ1997 የከተማይቱ እምብርት በአገር አቀፍ ታሪካዊ ስፍራነት ታወቀ፤ የጥይት ፋሻ ዛሬም በጡብ ግድግዳ ላይ ይታያል። በ2015 ደግሞ በነዋሪዎች፣ በማኅበርተኞችና በምሁራን ጥረት የዌስት ቨርጂኒያ የማዕድን ጦርነቶች ሙዚየም በማተዋን ተከፈተ፤ ከ2020 ጀምሮም የሚገኘው ከማዕድን ሠራተኞቹ ማኅበር ቅርንጫፍ 1440 ጋር በአንድ ሕንፃ ሲሆን፣ ሕንፃው ቀድሞ የባንክ ቤት ነበር። የኩባንያ ብረት ቁራጮች፣ ከተራራው የተለቀሙ የጥይት ቀለሆችና ቀይ መሐረቦች ዛሬ የተቀመጡት ገንዘብ ይቆጠርበት በነበረው ቤት ውስጥ ነው።

ቅርስ ለዛሬ ምን ይሠራል?

አንዳንዶች ከሰሉ እየቀነሰ፣ ወጣቱ እየተሰደደ ሙዚየም ምን ይጠቅማል ሊሉ ይችላሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ዛሬ በመላው ዌስት ቨርጂኒያ ያሉት ከሰል ቆፋሪዎች ሃያ ሺህ አይደርሱም። ወፍራሞቹ የከሰል ንጣፎች በማለቃቸው ማሽኖቹ ከከሰሉ ጋር ዓለት ስለሚቆርጡ፣ የሲሊካ አቧራ ገና በጎልማሳነት ያሉትን ሠራተኞች ሳንባ እያደረቀ ነው። በ2018 ይፋ የሆነ ጥናት ከ2013 እስከ 2017 ባሉት ዓመታት በቨርጂኒያ ደቡብ ምዕራብ በሚገኙ ሦስት ክሊኒኮች ብቻ 416 የከባድ ጥቁር ሳንባ በሽተኞችን አግኝቷል። ሙዚየም ሥራ አይፈጥርም፤ ሳንባም አያድስም።

መልሱ ግን በዚያው በ2018 ተሰጥቷል። በየካቲት ወር መጀመሪያ ከሚንጎ፣ ከሎጋንና ከዋዮሚንግ አውራጃዎች የተውጣጡ መምህራን ለደመወዝና ለጤና መድን ሥራ አቁመው ወጡ። በወሩ መጨረሻ ሃያ ሺህ ያህል መምህራን በ55ቱም አውራጃዎች ትምህርት ቤቶችን ዘጉ። በአንገታቸው ላይ ያሰሩት ያንኑ ቀይ መሐረብ ነበር። ድሆች ተማሪዎች ምሳቸውን የሚያገኙት ከትምህርት ቤት በመሆኑ፣ መምህራኑና የሰፈሩ ሰዎች በአድማው ቀናት ምግብ አዘጋጅተው ለልጆቹ አዳረሱ። ለዘጠኝ የትምህርት ቀናት ከቆየው አድማ በኋላ 5 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ተገኘ። የ1920 ድንኳን ስንቅ በ2018 የልጆች ምሳ ሆኖ ተመለሰ። ቅርስ ማለት ይህ ነው። ካለፈው ጋር የሚያገናኝ ድልድይ ብቻ ሳይሆን፣ ሲቸግር የሚወጣ መሣሪያ ነው።

እንግዲህ የማተዋን ታሪክ ለማንኛውም ሠራተኛና ለማንኛውም የነዋሪዎች ማኅበር አባል የሚያስተላልፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ሚዛኑን ራስህ ተቆጣጠር። የማኅበርህን ሂሳብና ምርጫ ለመሪ ብቻ አትተው። በዘርና በቋንቋ ከጎረቤትህ የሚለይህን ሰው ከዚህ ምን ያተርፋል ብለህ ጠይቅ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የራስህን ታሪክ ራስህ ሰብስብ። በየሰፈሩ የመጀመሪያውን ስብሰባ የሚያስታውስ ሽማግሌ፣ የመጀመሪያውን መዋጮ የጻፈ ደብተር፣ በሣጥን ሥር የተረሳ ፎቶግራፍ አለ። ሙዚየም እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም፤ አንድ ጠያቂና አንድ ጸሐፊ ይበቃሉ።

የከሰል ሀብት በመሬት ውስጥ የተቀመጠ በመሆኑ የቆፈረው ሁሉ ይወስደዋል፤ ከተወሰደም በኋላ የሚቀረው ባዶ ጉድጓድ ነው። በጋራ የተኖረ ኑሮና በጋራ የተደረገ ትግል ግን ማንም በባቡር ጭኖ የማይወስደው ሀብት ነው። የሚጠፋው ባለቤቱ የረሳው ዕለት ብቻ ነው።